የአያት ክኒን ለልጅ ልጅ ለምን አይሰጥም?

በብዙዎቻችን ቤት አንዲት ፌስታል አለች። ከግድግዳ ምስማር ላይ ተንጠልጥላ፣ ወይም ከሣጥን ውስጥ ተቀምጣ ትኖራለች። በውስጧ አምና ለወገብ ሕመም ከታዘዘው የተረፈ ክኒን፣ ግማሽ የደረሰ የሳል ሽሮፕ፣ ጽሑፉ የተፋቀ ካፕሱል ይገኛል። ጎረቤት ጥርሱን ሲያመው፣ ልጅ ሌሊት ሲስል፣ እርሻ ውሎ የመጣ ሰው ጎኑን ሲይዘው ፌስታሏ ትወርዳለች። «እንካ አያ፣ ይችን ዋጣት፤ እኔን በአንድ ቀን ነው ያሻለችኝ» ይባላል። በሰጪው ልብ ውስጥ ክፋት የለም። ያለንን ማካፈል ያደግንበት ነው።

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያው ባለው ገጠር በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ልማድ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከዚሁ ጎን ለጎን ተቃራኒውንም አይቻለሁ። አባታቸው በካንሰር ሕመም ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ ያድራሉ፤ ልጆቻቸው ግን የታዘዘላቸውን ሞርፊን «ሱስ ያስይዛቸዋል» ብለው ይሸሽጉታል። አንዱ ቤተሰብ ያለ ፍርሃት ያድላል፣ ሌላው በፍርሃት ይከለክላል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ የት እንደሚሄድና ምን እንደሚሠራ አለማወቅ። ዛሬ ይህንኑ በቤታችን ቋንቋ ላስረዳችሁ።

በርበሬያችን የሚያስተምረን

የቡሬ በርበሬ ስሙ የታወቀ ነው። በርበሬ ስትቀነጥስ የዋለች ሴት ማታ እጇ ይነድዳል፤ ውኃ ውስጥ ብትነክረውም ቶሎ አይበርድላትም። እጇን ብታዩት ግን ቃጠሎ የለበትም፤ አልተላጠም፣ ውኃም አልቋጠረም። እሳት ሳይነካት ለምን ተቃጠለች?

ከቆዳችን ሥር ባሉ የነርቭ ጫፎች ላይ ሙቀትን የሚጠብቁ ጥቃቅን ፕሮቲኖች አሉ። የሕክምና ሰዎች «ተቀባይ» ይሏቸዋል። የሚነካን ነገር ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ይከፈቱና «እሳት ነው!» የሚል መልእክት ይልካሉ። በበርበሬ ውስጥ ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እሱ በዚያው ተቀባይ ላይ ይገጥምና ያለ እሳት ይከፍተዋል። አንጎል የሚያውቀው የመጣለትን መልእክት ብቻ ስለሆነ ተቃጠልሁ ይላል። ይህን ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ1997 ለይቶ ያወጣው አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

እንግዲህ ሕመም መልእክት ነው። መልእክቱ ከእጅ ተነሥቶ በነርቭ በኩል በጀርባ አጥንታችን ውስጥ ወዳለው ህብለ ሰረሰር ይደርሳል። እዚያ የመጀመሪያው ነርቭ ያበቃል፤ ሁለተኛው ይጀምራል። በሁለቱ መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። የመጀመሪያው ነርቭ ኬሚካል ይረጫል፤ ኬሚካሉ ክፍተቱን ተሻግሮ ሁለተኛውን ይቀሰቅሰዋል። በዚህ ዓይነት ቅብብሎሽ መልእክቱ ወደ አንጎል ይወጣል። «አመመኝ» የምንለው እዚያ ሲደርስ ነው።

ይህን መንገድ በአእምሯችሁ ያዙ። ሕመምን ማስታገስ ማለት በዚህ መንገድ ላይ በአንድ ቦታ መልእክቱን ማዳከም ማለት ነው። እነ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የሚሠሩት በተለይ ከሥሩ፣ በቆሰለው ወይም ባበጠው ቦታ ነው፤ እዚያ ሕመም የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ ያደርጋሉ። ዛሬ የምንነጋገርባቸው ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። ሞርፊን፣ ኮዴይን፣ ፔቲዲን፣ ፌንታኒልና ትራማዶል በጥቅሉ ኦፒዮይድ ይባላሉ። እነዚህ የሚሄዱት ወደ ቅብብሎሹ ቦታና ወደ አንጎል ነው።

ጓጉንቸሩና ቁልፉ

ሞርፊን ኦፒየም ከሚገኝበት የፓፒ አበባ ፈሳሽ የሚወጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለብቻው ነጥሮ እንዲወጣ ያደረገው ፍሪድሪሽ ሰርቱርነር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ የመድኃኒት ቀማሚ ነው። ስሙን የሰጠው በግሪኮች አፈ ታሪክ የሕልም አምላክ በሚባለው በሞርፌዎስ ነው። ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ ሲያዝዙት ኖሩ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካና በስዊድን የሚገኙ ተመራማሪዎች መልሱን አገኙ። በነርቮቻችን ላይ ሞርፊን የሚገጥምበት ተቀባይ አለ። ጓጉንቸርና ቁልፍ ብላችሁ አስቡት። ሌላ ቁልፍ አይገባበትም፤ የሞርፊን ቤተሰብ ግን ይገባና ይከፍተዋል።

ወዲያው ጥያቄ ተነሣ። የሰው ልጅ የፓፒ አበባን ይዞ አልተወለደም፤ ታዲያ ጓጉንቸሩ በሰውነቱ ውስጥ ለምን ተሠራ? በ1975 በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ከተማ፣ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ አንጎል ራሱ የሚያመርታቸውን ቁልፎች አገኙ። ኢንኬፋሊን ተባሉ። በኋላ ኢንዶርፊን የሚባሉትም ታወቁ። ገበሬ በሬው አምልጦት ሲሮጥ እግሩን እንጨት ይወጋዋል፤ በሬውን ይዞ እስኪመለስ ሕመሙ አይሰማውም፤ ደሙን ሲያይ ነው «ውይ!» የሚለው። በዚያ የጭንቅ ሰዓት ሰውነት የራሱን ማስታገሻ ለቆለት ነው። ሞርፊን ከውጭ ገብቶ የሚጠቀመው ፈጣሪ በውስጣችን ባስቀመጠው ጓጉንቸር ነው።

ቁልፉ ሲገባ ሁለት ነገር ይሆናል። መልእክት ላኪው ነርቭ ኬሚካሉን የሚረጨው ካልሲየም ሲገባለት ነው፤ መድኃኒቱ የካልሲየሙን በር ያጠብበታል። መልእክት ተቀባዩ ነርቭ ደግሞ ፖታሲየም ከውስጡ እንዲወጣ ይደረግና በቀላሉ የማይቀሰቀስ ይሆናል። ባጭሩ ላኪው ድምፁ ይቀንሳል፤ ሰሚውም ጆሮው ይደነግዛል። መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ የሕመምን ጭንቀት በሚመለከተው ክፍልም ይሠራል። ለዚህ ነው ሕሙማን «ሕመሙ አለ፤ ግን እንደ በፊቱ አያስጨንቀኝም» የሚሉት።

ልብ በሉ፤ ቁስሉ አልዳነም፤ ዕጢው አልጠፋም። የተዳከመው መልእክቱ ነው። ስለዚህ ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ቁርጠትን በእንዲህ ዓይነት ክኒን አፍኖ መቀመጥ በሽታው ውስጥ ውስጡን እንዲገፋ ጊዜ መስጠት ነው።

ያው ጓጉንቸር በሌላም በር ላይ አለ

የችግሩ ሁሉ ምንጭ ይህ ነው። ተቀባዩ በሕመም መንገድ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገ። ግን በአንጀት ላይ አለ፤ አንጀት ሥራውን ያቀዘቅዝና የሆድ ድርቀት ይመጣል። ማስታወክን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ ይመጣል። የዓይን ብሌን በሚያጠብበው ነርቭ ላይ አለ፤ ብሌኑ እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል። የደስታ ስሜትን በሚያነሣሣው የአንጎል ክፍል ላይም አለ፤ ያለ ሕመም ለስካር የሚወስዱትን ወጣቶች ሱስ ውስጥ የሚከታቸው ይኼኛው ነው።

ከሁሉም በላይ በአንጎል ግንድ ላይ፣ እስትንፋሳችንን በሚመራው ቦታ ላይ አለ። ተኝተን እንኳ የምንተነፍሰው ያ ቦታ በደማችን ውስጥ የተቃጠለው አየር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሲጠራቀም ስለሚያውቅና «ተንፍስ» ስለሚል ነው። መድኃኒቱ ከመጠን ሲያልፍ ይህ ዘበኛ ያንቀላፋል። ሰውየው አያቃስትም፣ አይታገልም። በእርጋታ ይተኛል፣ ትንፋሹ ይራራቃል፣ ከዚያም ይቆማል። ቤተሰቡ «እፎይ፣ ተኛልን» እያለ አጠገቡ ሊቀመጥ ይችላል።

መድኃኒቱ ማን እንደታዘዘለት አያውቅም። የሚያውቀው ጓጉንቸሩን ነው። የአያትን ሕመም የሚያስተኛው መጠን የልጅ ልጅን እስትንፋስ ሊያስተኛ ይችላል።

የእኛ ጉበት ልዩ ጠባይ

እስካሁን ያልኩት ለማንኛውም አገር ሰው የሚሆን ነው። ቀጥሎ ያለው ግን በተለይ እኛን ኢትዮጵያውያንን ይመለከታል።

ኮዴይን በሳል ሽሮፕና በማስታገሻ ክኒኖች ውስጥ ሲገባ የኖረ መድኃኒት ነው። በራሱ ደካማ ቁልፍ ነው። ሕመም የሚያስታግሰው ጉበት ውስጥ ከገባ በኋላ ጥቂቱ፣ በተለምዶ ከ10 እጅ አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰው፣ ወደ ሞርፊን ስለሚለወጥ ነው። የሚለውጠው ሲዋይፒ ቱዲሲክስ የተባለ ኢንዛይም ነው። ይህን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ሰው ኢንዛይሙ የለውም፤ ኮዴይን ቢውጥ ምንም አይሰማውም። ሌላው ሰው ደግሞ የዘረመሉ ቅጂ ድርብ ድርብ ሆኖ ይወለዳል፤ ያ ሰው ኮዴይኑን በፍጥነትና በብዛት ሞርፊን ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን መካከል ከመቶ 29ኙ እንዲህ የተደራረበ ዘረመል ያላቸው ሆነው ተገኙ። በሰሜን አውሮፓ እንዲህ ያለው ሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ልዩነቱን በቤት እናስላው። ሦስት ልጆች አንድ ምንጣፍ ላይ ቢተኙ ከሦስቱ አንዱ ያህል ይህ ጠባይ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። መልክን አይቶ፣ ክብደትን መዝኖ የሚለይ ሰው የለም። ለወንድሙ ልክ የሆነች አንዲት ማንኪያ ሽሮፕ ለእሱ ከመጠን ያለፈች ሞርፊን ልትሆንበት ትችላለች።

በዚህ ምክንያት የያኔው የምግብ፣ መድኃኒትና የጤና አጠባበቅ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ኮዴይን በአገራችን ጥቅም ላይ እንዳይውል አገደ። በአሜሪካም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አስጠነቀቀ። መድኃኒቱ በጡት ወተት በኩል ወደ ሕፃኑ ስለሚያልፍ ነው።

«ኮዴይን ከታገደ እኛን ምን ያሰጋናል?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ነገር ያሰጋናል። አንደኛ፣ ከውጭ አገር የሚመጡ ልጆቻችንና ዘመዶቻችን በሻንጣቸው የሚያመጡልን ማስታገሻና የሳል ሽሮፕ ኮዴይን ሊኖረው ይችላል፤ በሌላ አገር ሕጋዊ ነውና። ሁለተኛ፣ ዛሬ በየቤታችን ያለው ትራማዶል የሚያልፈው በዚያው የጉበት በር ነው። ጉበት ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጠዋል፤ ያ አዲሱ ንጥረ ነገር በጓጉንቸሩ ላይ ከትራማዶሉ ራሱ ይበልጥ ጠንካራ ቁልፍ ነው።

ትራማዶልና አረጋውያን

ትራማዶል ለከባድ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ጥሩ መድኃኒት ነው። «ቀላል ማስታገሻ» ተብሎ እንደ ከረሜላ መታደሉ ነው ችግሩ። ከሞርፊን ቤተሰብነቱ ሌላ በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን በሚባሉ ኬሚካሎች ላይም ይሠራል። ስለዚህ መጠኑ ሲበዛ፣ ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ሲሰጥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ለድብርት የሚሰጡ እንደ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶችን ከሚወስድ ሰው ጋር አይስማማም፤ ሐኪሙ አውቆት ካልሆነ በቀር።

ለእኛ በዕድሜ ለገፋነው ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ኩላሊታችን እንደ ድሮው ስለማይሠራ መድኃኒቱ በሰውነታችን ውስጥ ይቆያል። ያዞራል፤ ሌሊት ለሽንት ስንነሣ ያወድቃል፤ በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት መሰበር ደግሞ ቀላል አይደለም። ፕሮስቴት ላለባቸው አባቶች ሽንት ሊከለክላቸው ይችላል። ከሁሉም የከፋው ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ነው። አረቄም፣ ለእንቅልፍ የሚሰጠው ዲያዜፓምም እስትንፋስን የሚመራውን ቦታ በራሳቸው መንገድ ያደነዝዛሉ። በማኅበርና በተዝካር ቀን «አንዲት መለኪያ ምን ታደርገኛለች» ብሎ ክኒኑን ውጦ መጠጣት ዘበኛውን ከሁለት ወገን ማስተኛት ነው።

ሞርፊን በታዘዘ ጊዜ

አሁን ወደ ሌላኛው ቤተሰብ፣ ወደሚፈሩት ልመለስ። ከቡሬና ከዙሪያው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ለካንሰር ሕክምና ተልከው፣ ሕመማቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ አሉ። ሞርፊን የተሠራው ለእነሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው የመጀመሪያው መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በ1986 ደግሞ የካንሰር ሕመም ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚታከም መመሪያ አውጥቷል። በአገራችን በነርሷ በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉትን ሕሙማን በየቤታቸው እየሄደ ይረዳል። ይህ ዓይነቱ ክብካቤ ፓሊየቲቭ ኬር ይባላል። በሽታው ባይድን እንኳ ሥቃዩ ይቀንስ ማለት ነው።

ቤተሰብ ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ልመልስ።

«ሱስ አያስይዛቸውም?» ሰውነት መልመዱና ሱስ የተለያዩ ናቸው። ቁልፉ ዘወትር ሲገባ ተቀባዮቹ ይደክማሉ፤ ከፊሎቹም ከነርቩ ላይ ወደ ውስጥ ይሸሻሉ። ስለዚህ ሐኪሙ በጊዜ ሂደት መጠኑን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በድንገት ቢቋረጥም ላብ፣ ተቅማጥና መቁነጥነጥ ያመጣል፤ ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። ይህ የሰውነት መልመድ ነው። ሱስ ግን እየጎዳውም ቢሆን ለስሜቱ ሲል ማሳደድ ነው። በካንሰር የሚሠቃዩ አባት ሕመማቸው ሲታገስ የሚፈልጉት ቁርስ መብላት፣ ከልጆቻቸው ጋር መጫወት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም ነው። ይህ ሱስ አይባልም።

«ሞታቸውን አያፋጥንባቸውም?» በሐኪም ተመዝኖ ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ እያለ ሲጨመር ሞትን ለማፋጠን አይደለም፤ የቀረውን ዕድሜ ያለ ጣር ለመኖር ነው።

«ሲያማቸው ብቻ ብንሰጣቸውስ?» አይሆንም። በአፍ የሚሰጠው ተራው ሞርፊን ኃይሉ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ በሰዓቱ ካልተሰጠ ሕመሙ መንገዱን መልሶ ይይዛል፤ ከዚያ ለማብረድ ይከብዳል። ሰዓቱን በደብተር ጻፉ። የሆድ ማለስለሻ መድኃኒትም አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ፤ ማቅለሽለሹ በቀናት ውስጥ ይለመዳል፣ የሆድ ድርቀቱ ግን አይለመድም።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ለወራት ሞርፊን የወሰዱ አባት ሰውነታቸው ለምዶታል። እሳቸው ቁጭ ብለው የሚያወጉበት መጠን ላልለመደ ጎልማሳ እንኳ ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለሕፃን አይነሣ። ስለዚህ ጠርሙሱ በሣጥን ተቆልፎ፣ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ይሁን።

አደጋ ሲመጣ

ልጅም ሆነ አዋቂ እንዲህ ያለ መድኃኒት ወስዶ፣ ወይም ወስዷል ብላችሁ ጠርጥራችሁ፣ እነዚህን ካያችሁ አትዘግዩ፦ ጠርተውትና ነቅንቀውት የማይነቃ እንቅልፍ፤ የተራራቀ፣ ቀስ ያለ ወይም የሚያንኮራፋ ትንፋሽ፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ የዓይን ብሌን፤ የጠቆረ ወይም የገረጣ ከንፈር።

በጎኑ አስተኙት፤ ትንፋሹን እያያችሁ፣ ስሙን እየጠራችሁ፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አድርሱት። ወተት አታጠጡ፤ ለማስመለስም ጣት አትክተቱ፤ የማይነቃ ሰው ወደ ሳንባው ያስገባዋል። «ይተኛ፣ ጠዋት ይነቃል» አትበሉ። የወሰደውን መድኃኒት ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ጓጉንቸሩ ውስጥ የገባውን ቁልፍ ገፍትሮ ያወጣና ቦታውን ይይዛል፤ ትንፋሽ በደቂቃዎች ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ነገር ግን ኃይሉ ከብዙዎቹ ኦፒዮይዶች ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ ሰውየው ነቃ ተብሎ ወዲያው ወደ ቤት አይወሰድም፤ ባለሙያው እስኪያሰናብተው መቆየት አለበት።

ፌስታሏን ዛሬ አውርዷት

ዛሬ ማታ ፌስታሏን አውርዳችሁ ማንበብ ከሚችል ልጅ ጋር ፈትሹ። ስሙ የማይነበበውን፣ ጊዜው ያለፈበትን፣ የማን እንደነበር የማይታወቀውን ለዩ። በቅርብ ያለውን ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ ይቀበላችሁ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልሆነም ካፕሱሉን ፈልቅቃችሁ ከቡና አተላ ወይም ከአመድ ጋር ደባልቃችሁ ልጅና ከብት በማይደርስበት አስወግዱ። ትራማዶል ወይም ኮዴይን የሚል ካገኛችሁ ለማንም እንዳትሰጡ። የልጅ ሳል ካስቸገረ፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት ካለፈ፣ ማርና ለብ ያለ ውኃ ይበቃዋል፤ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ጎድኑ ከገባ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ጎረቤትም ክኒን ሲለምናችሁ እንቢ ማለት ንፉግነት እንዳይመስላችሁ። ያለንን የማካፈል ልማዳችን አይቅር፤ በክኒኑ ፈንታ ጊዜያችንን እንስጥ። ተነሥቶ ጤና ጣቢያ ድረስ መሸኘት ከየትኛውም ክኒን የበለጠ ስጦታ ነው።